ባሮን ሰማያዊ ያደረግሁበት ክረምት

ሰሌዳዋ ከመዳፌ አትበልጥም ነበር። የሞላው የባሮ ወንዝ ከደጋ ጠርጎ ካመጣው እንጨት የተቆረጠች፣ አናቷ ላይ ቀዳዳ ያላት፣ በሲባጎ አንገት ላይ የምትንጠለጠል ቁራጭ ናት። ፊቷ ላይ በጥቁር ቀለም «በአማርኛ እናገራለሁ» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አሸዋ እያሻሸች ያለሰለሰቻት ግን አሪየት የምትባል የሰባት ዓመት ተማሪዬ ነበረች። ጨርሳ ስታመጣልኝ «ጎበዝ» ብዬ ጉንጯን ነካ አደረግኋት። ሰሌዳዋ ለምን እንደምትውል እሷ አታውቅም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጃንሆይ ዘመን መጨረሻ ገደማ ነው። ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ከመምህራን ማሠልጠኛ ከወጣሁ ገና ዓመት አልሞላኝም። ዕጣ ሲወጣ ጋምቤላ የሚል ወረቀት ደረሰኝና ደሴ ያለችው እናቴ ሰው የሞተባት ይመስል ነጠላዋን አዘቅዝቃ አለቀሰች። እኔም ከእሷ አልተሻልኩም። እግሬ ጋምቤላ ከረገጠበት ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዝውውር። ሙቀቱን ጠላሁት፣ ትንኙን ጠላሁት፣ የማላውቀውን ቋንቋ ደግሞ ከሁሉም አብልጬ ጠላሁት። ልጆቹ በአኙዋክኛ ሲንሾካሾኩ እኔን የሚያሙኝ ይመስለኝ ነበር። ሰሌዳዋ የመጣችው ከዚህ ነው። ሰው ሲጠይቀኝ ግን «አማርኛ ቶሎ እንዲለምዱ ነው» እል ነበር።

ሕጉ ቀላል ነው። ከአማርኛ ሌላ የተናገረ ልጅ ሰሌዳዋን ያንጠለጥላል። ሌላ ልጅ ሲሳሳት እስኪሰማ ድረስ ከአንገቱ አያወልቃትም፣ ሲሰማ ያጋልጥና ለዚያ ያስተላልፋል። ዓርብ ሰሌዳዋ የተገኘችበት ልጅ መዳፉን በማስመሪያ አምስት ጊዜ ይመታል። ቤት ይዘዋት ነው የሚሄዱት፣ ይዘዋት ነው የሚመጡት። በዚህ ዓይነት ልጆቹን እርስ በርስ ጆሮ ጠቢ አደረግኋቸው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ክፍሉ ጸጥ አለ፣ እኔም ማስተማር ተሳካልኝ ብዬ ደስ አለኝ።

ያን ክረምት ሌሎቹ መምህራን ዝናቡ መንገዱን ሳይዘጋው ሾልከው ወጡ። እኔን ወባ ጣለችኝ። ስነሳ ወደ ጎሬ የሚወጣው መንገድ ጭቃ ሆኗል፣ በአውሮፕላን ለመሄድ ደግሞ ኪሴ አይፈቅድም። ዳይሬክተሩ ቁልፍና አንዲት ወረቀት ትተውልኝ ሄደዋል። ወረቀቷ ሐምሌ ላይ ለጃንሆይ ልደት አንድ ትልቅ እንግዳ በአውሮፕላን እንደሚመጡና ተማሪዎች በእጃቸው የሠሩት ስጦታ እንዲቀርብላቸው ታዛለች። ደጋግሜ አነበብኳት። ስጦታው ካማረ እንግዳው ስሜን ይጠይቃሉ፤ ስሜን ከጠየቁ ዝውውሬን እለምናለሁ። ሌላ ነገር አልታየኝም።

ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ከተማ የቀሩትን ዘጠኝ ትንንሽ ልጆች ሰበሰብኩ። ከእነሱ መካከል የፖሊሱ ሻምበል ልጅ ታምራት አለ፤ ቀልጣፋና ባለጌ ነው። አሪየትም አለች። እሷን ጠዋት ጠዋት ትከሻው ላይ አስቀምጦ የሚያመጣት ወንድሟ ኦጁሉ ነበር። ከአንድ ነጋዴ መጋዘን ጆንያ ተሸካሚ ነው፣ ረጅም፣ ሳቂታ ልጅ። ሲያወርዳት «እትዬ ወሰን፣ አሪየት አመጣሁ» ይለኛል፣ ሁልጊዜ በእነዚሁ ቃላት። የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ኦሞድ እንደነገረኝ ኦጁሉ ክረምቱ ሲወጣ ሚስት ሊያገባ ነው። ከልጅቷ ቤተሰብ ጋር ነገሩ አልቋል፣ የቀረው ጥሎሹን ማስረከብ ነው። «ጥሩ ሴት ነው» አለኝ ኦሞድ፣ እየሳቀ፤ በአማርኛው ሴቱንም ወንዱንም «እሱ» ነበር የሚለው። እኔም «መልካም» ብዬ አለፍኩት። የጥሎሹ ነገር ምን እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ለስጦታው ያሰብኩት ይህን ነበር። ልጆቹን በወንዙ ዳር አዞራለሁ፣ ዝናቡና ወንዙ የጣሉትን ሁሉ እናነሳለን፣ ከዚያ በትልቅ ጣውላ ላይ እየለጠፍን የጃንሆይን ዘውድ እንሠራለን። ከሥሩ ባሮ ይፈስሳል። ማሠልጠኛ ሳለን «ልጅ ከተፈጥሮ ይማር» ተብለን ነበር፣ ያንን ያደረግሁ መሰለኝ።

ሌሊቱን ሲወርድ ያደረ ዝናብ ባባራበት ጠዋት ለእያንዳንዳቸው የጆንያ ቁራጭ ሰጥቼ ወጣን። ማማሩን አልክድም። ሣሩ ከልጆቹ ቁመት በላይ ነበር፣ ከማንጎዎቹ ላይ ውሃ ይንጠባጠባል፣ ባሮ ቡላማ ሆኖ ግንድ እያዳፋ ይወርዳል። ልጆቹ እንደ ጫጩት ተበተኑ።

«እትዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«የቀንድ አውጣ ቤት። ክተተው።»

«እትዬ፣ ይሄስ?»

«የወፍ ጎጆ። ወፎች ከሣር የጎነጎኑት ነው። ባዶ ከሆነ ያዘው።»

ዛጎል አገኘን፣ የማንጎ ፍሬ አገኘን፣ ራሱ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለበት ቀይ ዘር አገኘን፣ አንድ ረጅም ነጭ ላባም አገኘን። ከሁሉም ብዙ የምታገኘው አሪየት ነበረች። ሌሎቹ መሬቱን ሲያዩ እሷ ከቅጠሉ ሥር ታያለች። እያንዳንዱን ስታመጣ ስሙን በአማርኛ እንድነግራት ዓይን ዓይኔን ታያለች፣ ስነግራት ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች ትደግመዋለች። ይህች ልጅ ትወደኝ ነበር። ይህንን ያኔም አውቀው ነበር፣ ለዚህ ነው ዛሬም የሚያመኝ።

ውሃው ጠርዝ እንዳይጠጉ አስጠንቅቄ ነበር። ታምራት ግን አንድ ትልቅ ዛጎል ከጭቃው ውስጥ ሲያብለጨልጭ አየና ወርዶ አጎነበሰ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ ላባ አጸዳለሁ።

«ኛንግ! ኛንግ!»

ዞር ስል አሪየት የታምራትን ሸሚዝ በሁለት እጇ ጨብጣ ወደኋላ ስትጎትት አየሁ። ሁለቱም ጭቃው ላይ በጀርባቸው ወደቁ። ልጁ አጎንብሶበት ከነበረው ቦታ ሁለት ክንድ ያህል ርቆ የግንድ ጉማጅ የመሰለኝ ነገር ዓይኑን ጨፈነና ዝም ብሎ ሰጠመ። ሁለቱንም እያዳፋሁ ወደ ላይ አወጣኋቸውና ሣሩ ላይ ዘጭ አልኩ።

ከዚያ ያን ሳምንት ሰሌዳዋን ያንጠለጠለው ልጅ፣ አንድ ትንሽ አኙዋክ፣ ጣቱን አወጣ። ቀኑ ሐሙስ ነበር።

«እትዬ፣ አሪየት አማርኛ አልተናገረችም።»

አሁን ሳስበው ያን ጊዜ ሁለት መንገድ ነበረኝ። ልጁን «ዝም በል» ማለት ነበረብኝ። ግን ፈርቼ ነበር። የሻምበሉ ልጅ በእኔ እጅ ሊበላ ነበር፣ ፍርሃቴንም በአንድ ሰው ላይ ማሳረፍ አማረኝ። ሕግ ሕግ ነው አልኩ በልቤ፣ ዛሬ ካላላሁት ነገ ማንም አይሰማኝም።

«አሪየት፣ ነይ። አዞ ማለትን አላስተማርኩሽም?»

«አስተማርሽኝ እትዬ።»

«ታዲያ ለምን አዞ አላልሽም?»

አሰበች። ጭቃው ከፀጉሯ ይንጠባጠባል።

«አዞ ፈጣን ነው» አለች።

ሰሌዳዋን ከልጁ አንገት አውልቄ በእሷ አንገት ላይ ሰቀልኳት። ታምራት ሳቀ። ያተረፈችውን ሰው ሳቅ ሰማች፣ አንገቷንም ደፋች።

ወደ ቤት በዚያው እንመለስ ነበር። ልጆቹ ግን ዘውዱ ገና አልሞላም እያሉ ለመኑኝ፣ እኔም ከውሃው ራቅ ብለን በከፍታው ላይ እንድንሄድ አደረግሁ። ከአሪየት መንደር ጀርባ ሰው የለቀቀው አሮጌ የቤት ቦታ አለ። ሌሊቱን ከጎኑ አፈሩ ተንዶ ቀይ ቁስል መስሎ ተከፍቷል። ከንዱ መካከል የሸክላ ማሰሮ ግማሽ አካሉ ወጥቶ ይታያል። ልጆቹ እየጮሁ ሮጡ። ታምራት ክዳኑን በድንጋይ ሲለው ተሰበረ።

ውስጡ ጨሌ ነበር። ሰማያዊ ጨሌ፣ አንዳንዱ የጣት ጫፍ የሚያህል፣ በወፍራም ክር የተሰካ፣ ረጅም ረጅም ዙር። ፀሐይዋ ስትመታው ልጆቹ ባንድነት «ውይ» አሉ። እኔም አልኩ። ጣውላው ላይ ባሮን በምን እንደምሠራው ሳስብ ነበር የሰነበትኩት።

አሪየት ግን አልጮኸችም። በልጆቹ መካከል አልፋ ሄደችና ማሰሮውን አቅፋ ቁጭ አለች።

«ስጪኝ አሪየት።»

ራሷን ነቀነቀች። እንዲህ እምቢ ስትለኝ የመጀመሪያዋ ነው። አፏን ከፈተች፣ ሰሌዳዋን በእጇ ነካች፣ አፏን መልሳ ገጠመች። ወደ መንደሩ በጣቷ አመለከተች። ቀሚሴን ይዛ ጎተተችኝ።

«በአማርኛ ተናገሪ። ምንድን ነው?»

ግንባሯ ላብ አቸፈቸፈ። የምታውቃቸውን ቃላት ሁሉ ስትፈትሽ ይታየኛል።

«ይሄ የኦጁሉ ሚስት ነው» አለች።

ልጆቹ በሳቅ ፈረሱ። «ሚስቱ ማሰሮ ውስጥ ትኖራለች!» አለ ታምራት፣ መሬቱ ላይ እየተንከባለለ። እኔም ሳቅሁ። ከምር ሳቅሁ። ከዚያ የመምህርነት ፊቴን መልሼ «ይህ ጨሌ ይባላል። ሁላችሁም በሉ» አልኩ። «ጨሌ!» አሉ። «አሪየት አልሰማሁሽም።» «ጨሌ» አለች፣ እንባዋ እየወረደ። ጣቶቿን አንድ በአንድ ፈልቅቄ ማሰሮውን ወሰድኩባት። ስግብግብ ናት ብዬ ነበር ያሰብኩት፣ ያገኘሽውን ለብቻሽ ልትወስጂ ነው ብዬም ገሠጽኳት።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ሥራው ተጀመረ። የግራር ሙጫ በውሃ አራስኩ፣ ዛጎሉን በሙቀጫ እያደቀቅን ለዘውዱ፣ ቀዩን ዘር ለዕንቁዎቹ፣ ላባውን ለጫፉ አደረግን። ልጆቹ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሙጫ ሆኖ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። የጨሌው ተራ ሲደርስ ግን አልለጠፍ አለ። ድቡልቡልና ከባድ ስለነበር ከሙጫው እየተንሸራተተ ይወርዳል። አንዱን በድንጋይ ስሰብረው ውስጡም ያው ሰማያዊ ነበር። ታዲያ እንደ ዛጎሉ ይወቀጥ አልኩ።

ከልጆቹ ሁሉ እጇ የሰላ አሪየት ናት። ሙቀጫውን ከፊቷ አስቀመጥኩ።

«ወቅጪ።»

እጆቿን ከጀርባዋ ደበቀች።

«አሪየት፣ ዛሬ ዓርብ ነው። ሰሌዳዋም ያለችው አንቺ ጋ ነው። አምስቱን ትቀበያለሽ፣ እምቢ ካልሽ ሌላ አምስት ይጨመራል።»

አሥሩንም ተቀበለች። ድምፅ አላወጣችም። ከአሥረኛው በኋላ ማስመሪያውን ለአሥራ አንደኛ ጊዜ ሳነሳ ዘነዘናውን ያዘች። መጀመሪያ ቀስ ብላ፣ ከዚያ ዓይኗን ጨፍና ወቀጠች። የመጀመሪያው ጨሌ ሲሰበር ቀጭን ድምፅ ነበረው፣ የብርጭቆ። እያንዳንዱ ሲሰበር ትከሻዋ ይነዘር ነበር። ከሰዓት በኋላ ድረስ አስወቀጥኳት፣ አንድም አላስቀረሁም። ሙጫው ላይ ስበትነው ባሮ ከጣውላው ጫፍ እስከ ጫፍ ሰማያዊ ሆኖ አበራ። ራቅ ብዬ አየሁትና በሕይወቴ እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር አልሠራሁም አልኩ። ባሮ ሰማያዊ ሆኖ እንደማያውቅ እንኳ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ብቻ አለፈ። በልደቱ ጠዋት ልጆቹን አጥቤ፣ ሰንደቅ ዓላማውን አውጥቼ፣ ጣውላውን ከግድግዳው አስደግፌ እንግዳውን ስጠብቅ ኦሞድ በሩ ላይ ቆመ። ከኋላው ኦጁሉና አንድ ሸምገል ያለ ሰው አሉ። አሪየት በሁለቱ መካከል ናት፣ ሰሌዳዋን እንዳንጠለጠለች።

«እትዬ፣ ይሄ ሰው ኦባንግ ነው። የእነሱ አባት» አለ ኦሞድ። ሳቁ ፊቱ ላይ የለም። «ማሰሮ ጠፋበት። አፈር ወደቀ ብሎ ሊያወጣ ሄደ፣ ማሰሮ የለም። የልጆች እግር አለ። አሪየት ሁለት ቀን አልተናገረም። ቤት ውስጥም አፉን ይዟል። ኦጁሉ ጥፍሩን አየ።»

የልጅቷን እጅ ገልብጦ አሳየኝ። በጥፍሮቿ ሥር ሰማያዊ ዱቄት ገብቷል። መዳፏ አብጧል።

«ጨሌውን ነው?» አልኩ። «ይቅርታ፣ የሰው መሆኑን አላወቅሁም። የፈለጉትን ያህል ከሱቅ ገዝቼ እተካለሁ።»

ኦሞድ ይህንን አልተረጎመም። መሬት መሬት እያየ በዝግታ ነገረኝ።

«እትዬ፣ ይሄ ጨሌ አይደለም። ድሙይ ነው። ሱቅ የለም። የሚሠራ ሰው ድሮ ሞቷል፣ አገሩንም አናውቅም። ያለው ያው ነው፣ ከሰው ወደ ሰው ይሄዳል። የኦጁሉ ትልቅ እህት ሲያገባ ይሄ ድሙይ መጣ። አባት ቀበረ፣ ለኦጁሉ። ኦጁሉ በእሱ ያገባል። ድሙይ ከሌለ ሚስት የለም፣ ልጅ የለም። ሰው አይደለም ማለት ነው።»

ያን ጊዜ የአሪየት ቃል ጆሮዬ ላይ ጮኸ። ይሄ የኦጁሉ ሚስት ነው። ልጅቷ በያዘችው አማርኛ ሁሉ እውነቱን ነግራኝ ነበር፣ እኔም ከልጆቹ ጋር ስቄባታለሁ።

ኦባንግ ጣውላውን ያየው ያኔ ነው። ተጠግቶ ሄደ፣ ሰማያዊውን ወንዝ በጣቱ ነካው፣ ጣቱን አየው። ኦጁሉም አየ። ያ ጆንያ እንደ ገለባ የሚያነሳ ልጅ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሽማግሌው ሳይዞር አንድ ነገር ጠየቀ።

«ማን ሰበረ ነው የሚለው» አለ ኦሞድ።

ከወደ ሜዳው የአውሮፕላን ድምፅ መጣ። እንግዳው ደርሰዋል። ግማሽ ሰዓት ቢቀረኝ ነው፣ ሻምበሉም ግቢው ውስጥ ሰው ሲያሰልፍ ይታየኛል። «እኔ ነኝ» ብል ምን ይመጣል? ጩኸት፣ ክስ፣ ሽማግሌ፣ የጣውላው መወሰድ፣ የዝውውሬ መቅረት። ይህ ሁሉ ባንዴ በአእምሮዬ አለፈ።

«አሪየት ናት የወቀጠችው» አልኩ። «እጇን እያችሁት የለ።»

ኦሞድ አየኝ። «እትዬ፣ እንዲህ ልበለው?»

«ያልኩህን በለው።»

አለው። ኦባንግ ወደ ልጅቷ ዞረ። እኔም አየኋት። በልቤ እየጸለይኩ ነበር፣ እንዳትናገር። በራሷ ቋንቋ አንድ ዓረፍተ ነገር ብትል አልቆልኛል፤ አባቷ ፊት ለፊቷ ነው። አሪየት ሰሌዳዋን በአንድ እጇ ያዘች። አባቷ በማይሰማው ቋንቋ፣ አንዲት ፊደል ሳትሳሳት «እኔ ወቀጥኩት» አለች።

ሽማግሌው አልመታትም። ቢመታት ይሻለኝ ነበር። እጇን ይዞ ወጣ፣ ኦጁሉም ተነስቶ ተከተላቸው። በሩ ላይ ሲደርስ ልማዱ ሆኖበት ሊያቅፋት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። በጣም ያመመኝ ይህ ነው።

በዓሉ አማረ። እንግዳው ጣውላውን ሲያዩ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ይህን የሠሩት እነዚህ ሕፃናት ናቸው?» «አዎ ክቡር ጌታዬ።» «የእርስዎስ ስም ማን ይባላል?» ነገርኳቸው። ጣውላው በጨርቅ ተጠቅልሎ አውሮፕላኑ ላይ ተጫነ። ዝውውሬን ለመንኩ፣ እንግዳውም ማስታወሻ ላይ ጻፉ።

ነሐሴ ሲጋመስ ኦሞድ መጣ። ከዚያ ቀን ወዲህ ከሰላምታ በቀር አያናግረኝም ነበር።

«አሪየት ነገ ይሄዳል» አለኝ። «ኢታንግ በኩል አንድ ሰው አለ። ድሙይ አለው። ሁለት ሚስት ሞቶበታል፣ ትልቅ ሰው ነው። አሪየትን ለእሱ ሰጡ፣ ድሙዩን ለኦጁሉ አማቾች ሰጡ።»

«ሰባት ዓመቷ ነው እኮ!»

«በእኛ ትንሽ ልጅ እንዲህ አይሰጥም እትዬ። እናቱ መሬት ላይ ተኝቶ አለቀሰ። ግን አማቾች ክረምት ሲወጣ አይጠብቁም። አባቱም ራሱ የሰበረ ራሱ ይመልሳል አለ። እዚያ ከሰውየው እናት ጋር ያድጋል።»

«ለሻምበሉ እነግራለሁ» አልኩ።

«ንገሪ» አለ። «ሻምበል ማን አሰበረ ብሎ ይጠይቃል።»

ለሻምበሉ አልነገርኩም። ሊሄድ ሲል ዞሮ «ሰሌዳ አሁንም አንገቱ ላይ ነው» አለኝ። «አባቱ ሊያወልቅ ሞከረ። እምቢ አለ። ሌላ ልጅ ሳልሰማ ካወለቅሁ እትዬ ይቆጣል አለኝ፣ በአማርኛ።»

ልጆቹን ከበዓሉ ማግስት አሰናብቻቸው ነበር። የምታጋልጠው፣ የምታስተላልፍለት ልጅ ከየት ታምጣ? ሕጉን ያወጣሁት እኔ፣ የረሳሁትም እኔ። በሕጉ ታስራ የቀረችው ግን እሷ ናት።

ሲነጋ በዝናብ ሮጥኩ። ቢያንስ ሰሌዳዋን በእጄ ላወልቅላት ነበር። ስደርስ ከግንድ የተፈለፈለው ታንኳ ከዳር ተገፍቷል። አሪየት በሁለት የማላውቃቸው ሰዎች መካከል ተቀምጣለች፣ ሰውነቷ ቅባት ተቀብቶ፣ አዲስ ነገር ታጥቃ፣ ደረቷ ላይ ግን ያቺ ቁራጭ እንጨት ተንጠልጥላለች።

«አሪየት! አውልቂያት! ሰሌዳዋን አውልቂያት!»

ሰማችኝ። ቀና ብላ አየችኝና አፏን በመዳፏ ያዘች። ያስተማርኳትን እያሳየችኝ ነበር፣ አልተናገርኩም እትዬ ማለቷ ነው። ዝናቡና የውሃው ጩኸት ቃሌን ይሁን ቁጣዬን እንዳደረሰላት አላውቅም። ሰዎቹ መቅዘፍ ጀመሩ።

ኦጁሉ ዳር ላይ ብቻውን ቆሟል። ክንዱን ያዝኩት።

«ኦጁሉ፣ እባክህ በቋንቋችሁ ንገራት። ታውልቀው በላት።»

ክንዱን ከእጄ አላቀቀ። ያ ጠዋት ጠዋት በእነዚያው ጥቂት ቃላት የሚስቅልኝ ልጅ ፊቱ እንጨት ሆኗል።

«እትዬ፣ አንቺ ንገሪ» አለኝ።

አፌን ከፈትኩ። በዚያ አገር ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ ከዚያ ቋንቋ ከድሙይ በቀር የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ እኔን ለማጽናናት አትድከሙ። «ዘመኑ ነው» የሚሉኝ ብዙ ናቸው፣ እኔም ለራሴ ብዙ ዓመት እንዲህ ብያለሁ። ዘመኑ አልነበረም። ሰሌዳዋን እንድሠራ ያዘዘኝ ሰው የለም፣ በዚያ ጠዋት «እኔ ነኝ» እንዳልል አፌን የያዘም የለም። የዝውውር ደብዳቤዬ መስከረም ሳይጠባ መጣ፣ ተቀበልኩት፣ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ጡረታ እስክወጣ ሦስት አገር አስተምሬያለሁ። በክፍሌ ልጅ በየትኛውም ቋንቋ ቢያወራ ዘንበል ብዬ አዳምጣለሁ፣ ያልገባኝንም እጠይቃለሁ። የድሮ ተማሪዎቼ ደግ መምህር ነበረች ይሉኛል። ደግነቴን የከፈለችልኝ ማን እንደሆነች አያውቁም። ስለ አሪየት ጠይቄ አውቃለሁ፣ በሁለት ሰው በኩል። አንዱ አላውቃትም አለኝ። ሌላው በዚያ ክረምት ኢታንግ በኩል ብዙ ሕፃን በወባ አልቋል አለኝና ወሬ ቀየረ።

እስከ ዛሬ ከእሷ ቋንቋ ሌላ ቃል አልተማርኩም። አንዷን ግን አውቃታለሁ፤ ኛንግ። የሰው ልጅ ነፍስ ያተረፈችበት ቃል ናት፣ እኔም የቀጣኋት በእሷው ነው።